ስማርቱ ሕንፃ ውሃ መጥፋቱን ያውቃል?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። ለምን እንደላኩልኝ ይገባኛል። ሥራዬ ሕንፃ ነው። ሎቢው ላይ ግን አታገኙኝም። ምድር ቤት ነኝ፤ ፓምፑና ጄኔሬተሩ ጋ። በዚህ ሥራ ዘንድሮ 14 ዓመቴ ነው። የላኩልኝ ሰዎች ጥያቄ «እሺ፣ አንተስ ምን ትላለህ?» ነው። ይኸው ልበል።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ ጨመቅ አድርጌ ላቅርበው። ጸሐፊው እንደሚሉት የአዲስ አበባ አዳዲስ ሕንፃዎች «ስማርት» መሆን አለባቸው። መብራቱ፣ በሩ፣ ካሜራው፣ ማቀዝቀዣው ሁሉ በስልክ ይታዘዝ። ያኔ የመብራት ሒሳብ በግማሽ ይወርዳል። ቁልፍ ይቀራል። ጥበቃ መቅጠር ይቀራል። ቤቱም ዋጋ ያወጣል። ለማስረጃ የአምስተርዳሙን «ዘ ኤጅ» የተባለ ሕንፃ ጠቅሰዋል። ካሜራና አሻራ የሚፈራ ሰው ደግሞ የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው ብለዋል።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። አጻጻፋቸው ደስ ይላል። ለነገሩ ያላቸው ጉጉትም የእውነት ነው። እኔም የቴክኖሎጂ ጠላት አይደለሁም፤ እንጀራዬ ነው። ጸቤ ከቦታው ጋር ነው። እሳቸው ብልሃቱን ሁሉ ያስቀመጡት እንግዳ በሚያየው ቦታ ላይ ነው። ሕንፃ የሚታመመው ግን እንግዳ በማያየው ቦታ ነው።

«የመብራት ሒሳብ በግማሽ ይወርዳል»

እስቲ እናስላው። ባለ 9 ዋት አምፖል አሥር ያለው ቤት ውሰዱ። አሥሩም በቀን አምስት ሰዓት ይብሩ። በቀን 0.45 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በሳምንት 3.15። አሁን ወደ ኩሽና እንግባ። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። አንድ ሰዓት ሙሉ ከተጋገረ የሳምንቱን አምፖል ሁሉ በልቶ ትርፍ አለው። ቦይለሩን ገና አልነካሁትም።

ስለዚህ ሰው ሲወጣ ራሱን የሚያጠፋ አምፖል በሒሳቡ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የእኛን ቤት ቆጣሪ የሚያሽከረክሩት ምጣድ፣ ቦይለርና ምድጃ ናቸው። ቦይለሩ ላይ ተራ ታይመር ግጠሙ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ይብራ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይጥፋ። ስልክ አይፈልግም፣ ዋይፋይ አይፈልግም። ምጣዱን ስማርት አድርጎ የሚያመጣ ሰው ከተገኘ ደግሞ የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነኝ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ልክ ናቸው። ደረጃና የመኪና ማቆሚያ። ምድር ቤት ያለ መኪና ማቆሚያ ቀንም ሌሊትም ጨለማ ነው። መብራቱ 24 ሰዓት ይበራል። እዚያ እንቅስቃሴ የሚያይ ሴንሰር ማድረግ በአጭር ጊዜ ገንዘቡን ይመልሳል። ለዚህ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻቸዋለሁ።

አሁን ወደ አምስተርዳም። ዘ ኤጅ በእርግጥ ጉደኛ ሕንፃ ነው። ዋና ተከራዩ ዴሎይት ነው። 28,000 ገደማ ሴንሰር አለው። ሕንፃ ለአካባቢ ምን ያህል ተስማሚ እንደሆነ በሚለካው፣ ብሪያም በሚባለው የእንግሊዞች መመዘኛ 98.36 በመቶ አግኝቷል። ጸሐፊው እዚህ ላይ አቆሙ። ያቆሙበት ቦታ ነው ችግሩ። የዚያ ሕንፃ ደቡባዊ ግድግዳ ኮንክሪት ነው፤ ላዩ ላይ የፀሐይ ፓነል ተለጥፎበታል። መስታወቱ ያለው ፀሐይ በማይመታው በሰሜን በኩል ነው። የበጋውን ሙቀት ከመሬት በታች ባለ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ለክረምት ያወጣዋል። ይኼ ሁሉ የሴንሰር ሥራ አይደለም። አርክቴክቱ ፀሐይ ከየት ወደ የት እንደምትሄድ አይቶ የሠራው ነው። ሴንሰሩ የመጣው በስተመጨረሻ ነው።

እኛስ? ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር በእግራችሁ ሂዱና ቀና በሉ። ምዕራብም ምሥራቅም መስታወት ነው። መስኮቱ አይከፈትም፤ ቢከፈትም አንድ ጥግ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለ ከተማ ነው። ቀዝቃዛ አየር በነጻ የሚነፍስበት። ከሰዓት በኋላ ግን ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ያለው ሰው ላብ በላብ ነው። ከዚያ ማቀዝቀዣ ይገጠማል። ከዚያ ማቀዝቀዣው መብራት ይበላል ተብሎ ስማርት መቆጣጠሪያ ይገዛለታል። በገዛ ብራችን ሙቀት ገዝተን፣ ሙቀቱን የሚያስወግድ ማሽን ገዝተን፣ ማሽኑን የሚቆጣ ኮምፒውተር ገዛን ማለት ነው።

ምሳሌ ከተፈለገ አምስተርዳም ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ሐራሬ «ኢስትጌት» የሚባል የቢሮና የገበያ ሕንፃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተ ነው። አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ የምስጥ ኩይሳን አየር አወጣጥ አይቶ ነው የነደፈው። ሌሊት ቀዝቃዛውን አየር ስቦ ወፍራሙን ኮንክሪት ያቀዘቅዛል። ቀን ላይ ኮንክሪቱ በተራው ሰዉን ያቀዘቅዛል። የተለመደው ዓይነት ማቀዝቀዣ የለውም። የሐራሬ አየር ደግሞ ለእኛ ከአምስተርዳም ይልቅ ይቀርበናል።

«ቁልፍ ድሮ ቀረ»

በሩ በስልክ፣ በአሻራ ወይም ፊት አይቶ ይከፈታል፤ የሚጠፋ ቁልፍ የለም፣ ተደብቆ የሚቀረጽ ቁልፍ የለም ነው የሚሉት።

እዚህ ላይ በሩን ምን እንደሚይዘው ማወቅ ይጠቅማል። ብዙ ሕንፃ ላይ የሚገጠመው የማግኔት ቁልፍ ነው። መብራት እስካለ ማግኔቱ በሩን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። መብራት ሲጠፋ ይለቃል። እንዲለቅ ተብሎ ነው የተሠራው፤ እሳት ቢነሳ ሰው ታፍኖ እንዳይቀር። ሌላው ዓይነት ተቃራኒው ነው። መብራት ሲጠፋ እንደተቆለፈ ይቀራል። ከውስጥ በእጀታ ይወጣል፤ ከውጭ ግን አይገባም። እንግዲህ ምረጡ። መብራት በሄደ ቁጥር ለሌባ ወለል የሚል በር ይሻላል ወይስ መብራት በሄደ ቁጥር ባለቤቱን ደጅ የሚያቆም? በመካከል ያለው ባትሪ ነው። ባትሪ ደግሞ ባትሪ የሚሆነው አዲስ እያለ ነው። ሁለት ዓመት ሲሆነው ይደክማል። ኮሚቴው ለመቀየሪያው ገንዘብ እስኪያዋጣ ሦስተኛው ዓመት ይገባል።

አንድ የሠራሁበት አፓርታማ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ሲስተሙን የሸጠላቸውንም አልጠራም። በሩ «ይኼ ሰው ነዋሪ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ባሕር ማዶ የተቀመጠ ኮምፒውተርን ነው። ኢንተርኔት ከሌለ መላሽ የለም። 2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ተዘጋ። ለሦስት ሳምንት ያህል። ከተማው ያኔ እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በዚያ ሰሞን አንድ ማታ አንዲት እናት ሁለት ልጆች ይዘው በሩ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስልካቸው በእጃቸው ነው። ስልኩ ላይ የሚሽከረከር ክብ ብቻ ነው ያለው። የማግኔቱን ኤሌክትሪክ ቆርጬ አስገባኋቸው። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት እስኪመለስ ድረስ ያ በር በምን ሲዘጋ የነበረ ይመስላችኋል? በሰንሰለትና በጓጉንቸር። ቁልፉ ጥበቃው ኪስ ውስጥ።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኦስትሪያ ተራራ ላይ «የገርቪርት» የሚባል ሆቴል አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ሰርጎ ገቦች የካርድ ቁልፍ የሚያዘጋጀውን ኮምፒውተር ቆልፈውበት ነበር። ሆቴሉ 1,500 ዩሮ ገደማ በቢትኮይን ከፈለ። ጋዜጦች እንግዶቹ ክፍላቸው ውስጥ ተቆለፈባቸው ብለው ጻፉ። ያ እንኳ የተጋነነ ነበር፤ ያቃተው አዲስ ካርድ ማውጣት ነው። ባለቤቱ ግን ወደ ቅድመ አያቶቹ የብረት ቁልፍ ለመመለስ ወሰነ። ፊንላንድ ደግሞ ላፔንራንታ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ፣ ብርዱ በገባ ሰዓት፣ የሁለት አፓርታማ ማሞቂያ በኢንተርኔት ጥቃት ቆመ። መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ደጋግሞ እየጠፋ እየበራ ሥራ አቆመ።

እኔ የምለው አሻራ ይቅር አይደለም። ከአሻራው ጎን የብረት ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳ ይኑር። ማረጋገጫው ኮምፒውተር እዚያው ሕንፃው ውስጥ ይቀመጥ። ይኼን ያህል ነው።

«ጥበቃ አያስፈልግም»

ካሜራ ያያል። አይሮጥም።

የእኛ ሕንፃ ጥበቃ አዛውንት ናቸው። አባባ ነው የምንላቸው። የየትኛው ልጅ ሰርቪስ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ያውቃሉ። የማን ሠራተኛ እንደተቀየረች ያውቃሉ። የፓምፑ ድምፅ ሲለወጥ ደውለው የሚቀሰቅሱኝ እሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ ማሽንህ እያቃሰተ ነው» ይሉኛል። እስካሁን ተሳስተው አያውቁም። ይኼን የሚያክል ሴንሰር የት ይሸጣል?

ስለ ካሜራውም ልንገራችሁ። ሌላ ሕንፃ ላይ ከግቢው የመኪና ባትሪ ተሰረቀ። ሁላችንም ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ሮጥን። ስክሪኑ ላይ 16 ካሜራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወደ ኋላ እንመልስ ስንል ግን ምንም የለም። ሃርድ ዲስኩ ከሞተ ስምንት ወር ሆኖታል። ማንም ልብ አላለውም፤ ቀጥታው ምስል ይሠራላ! ነዋሪው ስምንት ወር ሙሉ የከፈለው ለቴሌቪዥን ነበር ማለት ነው።

«ሁሉም ነገር በስልክ»

ስድስተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር አንድ ወጣት እናቱ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና መጡ። ቤቱ በጣም ያምራል። ግድግዳው ላይ ማብሪያ ማጥፊያ የለም፤ በንክኪ የሚሠራ ጥቁር መስታወት ነው ያለው። ልጁ ሥራ ሄደ። እናትየው ሲመሽ ግድግዳውን በመዳፋቸው ሲዳብሱ ቆይተው፣ በመጨረሻ ሁሉንም ክፍል ቦግ አደረጉት፤ ማጥፋቱ ግን አቃታቸው። በንግግር ይታዘዛል ተብሎ የተገጠመው መሣሪያ አማርኛ አይሰማም። አፑ እንግሊዝኛ ነው። ሴትየዋ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጣል አድርገው ተኙ። ልጁ ይኼን ሲነግረኝ ይስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ። ግን ሰው በገዛ ልጁ ቤት መብራት ማጥፋት ሲያቅተው እንግድነት ይሰማዋል።

ከዚህ የሚከፋው ዕድሜ ነው። ሕንፃ ሃምሳ ዓመት ይቆማል። ሶፍትዌር አሥር ዓመት ከቆየ ሸበተ። እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ የሠራ «ሪቮልቭ» የሚባል የቤት መቆጣጠሪያ ነበር። ዋጋው 300 ዶላር። ኩባንያው በኔስት ተገዛ፤ ኔስት ደግሞ የጉግል ቤተሰብ ነው። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ አገልግሎቱን ዘጉት። ዕቃው አልተበላሸም። አልተሰበረም። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስቀመጫ ጌጥ ሆነ።

ሌላም አለ። በብዙ አገር የሚሠራበት የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ስታንዳርድ ጊዜን የሚቆጥረው በደቂቃ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ነው። የተመደበለት የቁጥር ቦታ የሚሞላው ኖቬምበር 24 ቀን 2024 ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ኮዱ ያልታደሰ ቆጣሪ አዲስ የተገዛ መብራት አይቀበልም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ብቻ ይኼ የነካቸው ቆጣሪዎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው። መጀመሪያ ሲነደፍ 31 ዓመት ሩቅ መስሎ ነበር። ለግንበኛ 31 ዓመት ትናንት ነው።

መለዋወጫውስ? መብራት ሄዶ ሲመጣ በአንድ ጊዜ ገፍቶ ይመጣል። ቦርድ ይቃጠላል። ቦርዱ ከውጭ ነው የሚመጣው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከአምስት ዓመት በፊት «ርካሽ ነው» ተብሎ የተገጠመ ሲስተም ዛሬ አንድ ቦርዱ ሲቃጠል የነዋሪውን የወር መዋጮ ሙልጭ አድርጎ ይወስዳል። ለዚህ ነው ሻጭ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ባክኔት ይናገራል?» የሚሆነው። ባክኔት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ያለ፣ የተለያየ ኩባንያ ዕቃ እርስ በርሱ የሚነጋገርበት የጋራ ቋንቋ ነው። የራሱን ቋንቋ ብቻ የሚናገር ዕቃ ከገዛችሁ ከዚያ ሻጭ ጋር ተጋብታችኋል። ፍቺውም ቀላል አይደለም።

«የሚፈራ የሚደብቀው አለው»

ይኼ አባባል ነው ብዕር ያስነሳኝ። ጸሐፊው እንደ ቀልድ ጣል አድርገውት አለፉ።

ከቤታችን እንጀምር። የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ሕንፃ በቻይና ገንዘብ ተሠርቶ በ2004 ዓ.ም. ጥር ላይ ተመረቀ። እ.ኤ.አ. በ2018 ጃንዋሪ የፈረንሳዩ ለ ሞንድ ጋዜጣ አንድ ዘገባ አወጣ። በየሌሊቱ ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ ቢሮው ባዶ ሲሆን፣ ከሕንፃው ኮምፒውተሮች መረጃ ወደ ሻንጋይ ይተላለፍ ነበር አለ። ቻይናም ኅብረቱም አስተባበሉ። እኔ ለመፍረድ አልተቀመጥኩም። የያዝኩት ሰዓቱን ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የእናንተ ሕንፃ ምን ያህል መረጃ ወዴት እንደሚልክ ማን ያያል? እኔ በሠራሁባቸው ሕንፃዎች ማንም። የካሜራዎቹ ፓስወርድ ከፋብሪካ እንደመጣ ያለበትን ሕንፃ በጣቴ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ታርጌት የሚባለው የአሜሪካ የገበያ ሰንሰለት እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ 40 ሚሊዮን የባንክ ካርድ መረጃ ተሰረቀበት። ሌቦቹ በየት ገቡ? ማቀዝቀዣ በሚሠራለት ተቋራጭ የይለፍ ቃል። የእኔ ብጤ ሰው ፓስወርድ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ፓስወርድ መጻፍ ትቻለሁ።

የተከራይ ነገር ደግሞ ይበልጥ ቅርብ ነው። ባለቤቱ ሜሪላንድ ወይም ዱባይ ነው። ቤቱን ለማየት ካሜራ አስገጥሟል፤ ይገባዋል፣ ንብረቱ ነው። ከዚያ ቤቱ ይከራያል። ሳሎን ያለው ካሜራ ግን አይነሳም። የበሩ አፕ ዋና ባለሥልጣን አሁንም ባለቤቱ ነው። ተከራይዋ ስንት ሰዓት እንደገባች፣ ማን እንደጠየቃት ባሕር ማዶ ሆኖ ያያል። አንዷ ተከራይ «ወንድሜ፣ ይቺን ነገር ንቀልልኝ» ብላኝ ነቅዬ በፌስታል አስረክቤያታለሁ። ይቺ ሴት የምትደብቀው ነገር አላት? አዎ፣ ኑሮዋን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶልናል። መረጃችሁን የሚሰበስብ ሁሉ ለምን እንደሚሰበስብ ሊነግራችሁ ይገባል። አሻራችሁን ሎቢው ላይ ስትሰጡ የነገራችሁ ሰው አለ?

«ዋጋ ያወጣል»

ያወጣል። ሲሸጥ። ከተሸጠ በኋላ ያለውን ወር በወር የሚከፍለው ገዢው ነው። ገዢዎች ሆይ፣ ብሮሹሩን ሳይሆን የጥገና ውሉን ጠይቁ። ስለዚህ ነጥብ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ጸሐፊው የረሱት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ጸሐፊው ስማርት ቴክኖሎጂን ከልክ በላይ አላደነቁም። እንዲያውም ትልቁን ጥቅሙን ጭራሽ አላነሱትም። በመላው ጽሑፍ ውስጥ «ውሃ» የሚል ቃል የለም።

በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ይመጣል፤ ካሰኘው። መጀመሪያ ምድር ቤት ያለው ታንከር ይሞላል። ከዚያ ፓምፑ ጣሪያ ላይ ወዳሉት ሮቶዎች ይገፋዋል። ታንከሩ ባዶ ሆኖ ፓምፑ ከተነሳ በደረቁ ይሽከረከራል። በደረቁ የተሽከረከረ ፓምፕ ይቃጠላል። እኛ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሞተር አስጠቅልለናል። በመጨረሻ የውሃ ከፍታ የሚለካ ሴንሰርና ሲም ካርድ የሚይዝ ትንሽ ሳጥን ገጠምኩ። ውሃ ሲመጣ መልእክት ይልካል። ታንከሩ ሲጎድል ይልካል። ውሃ ከሌለ ፓምፑን ራሱ ያጠፋዋል። የሚጠቀመው ተራ ኤስኤምኤስ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ሞተር አልተቃጠለም።

ያልጠበቅኩትም ጥቅም መጣ። መልእክቶቹን ሳገላብጥ አንድ ነገር አየሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ የጣሪያው ሮቶ ይጎድላል። በየቀኑ። ፎቅ በፎቅ ቫልቭ እየዘጋሁ ፈለግኩት። አራተኛ ፎቅ፣ ሰው የማይኖርበት ቤት፣ የሽንት ቤቱ ገንዳ ድምፅ ሳያሰማ ይፈሳል። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው። ለስንት ወር እንደፈሰሰ እግዜር ይወቀው። ስማርት ሕንፃ ማለት ለእኔ ያቺ ሌሊት ነች።

ጄኔሬተሩን እንይ። ጄኔሬተር አልነሳም ሲል አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የሞተው ማስነሻ ባትሪው ነው። የባትሪውን ቮልት የሚከታተል ነገር ርካሽ ነው። የናፍጣውን መጠን የሚለካም እንዲሁ። የናፍጣ መለኪያው ሌላ ጉድም ያሳያል። ጄኔሬተሩ ሳይነሳ ናፍጣው የሚቀንስበት ሌሊት አለ። የዚያን ታሪክ ለሌላ ቀን ላቆየው፤ ሰዎቹ አሁንም ሰላም ይሉኛል።

ሊፍት ላይ ደግሞ ንዴቴ ይነሳል። መብራት ድንገት ሲጠፋ በባትሪ ሊፍቱን ወደሚቀርበው ፎቅ ወስዶ በሩን የሚከፍት መሣሪያ አለ። አዲስ ነገር አይደለም፤ የቆየ ነው። ሕንፃ ሠሪዎች ሲገዙ ዋጋ ለመቀነስ ይኼን ይሰርዙታል። በዚያው ሕንፃ ሎቢ ላይ ግን ፊት የሚያይ ማሽን ይገጥማሉ። ሁለቱንም አንድ ላይ ያየሁበት ሕንፃ አለ። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ሰው አያውቅም፤ ሊፍቱ ውስጥ ያለው ሰው በሩን ይደበድባል፤ እኔ የሊፍት ቁልፍ ይዤ ዘጠኝ ፎቅ በእግሬ እወጣለሁ።

የእሳት ማስጠንቀቂያውም አለ። የአብዛኛው አፓርታማ ማስጠንቀቂያ ፓነል ዛሬ ሄዳችሁ ብታዩት ድምፁ ተዘግቷል። ለምን? ቡና። የጭስ ጠቋሚው የተገጠመው ሳሎን ወይም ኩሽና አጠገብ ነው። እሑድ ጠዋት ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ 12 ፎቅ ሙሉ ሕንፃ ይጮኻል። ሁለት ሦስት እሑድ እንዲህ ከሆነ በኋላ አንዱ ወርዶ ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ የእውነት እሳት ቢነሳ ማንም አይሰማም። መፍትሔው ውድ አይደለም። ኩሽናና ቡና የሚፈላበት ቦታ ላይ ጭስ ሳይሆን ሙቀት የሚያይ ጠቋሚ ይገጠማል። የጭሱ ጠቋሚ ኮሪደርና ደረጃ ላይ ይቀመጣል። ግን ዕቅዱን የሠራው ሰው ቡና የማይቆላበት አገር ካታሎግ ገልብጦ ነው። ካታሎጉ ውስጥ እሑድ የለም።

ለጸሐፊው አንድ ግብዣ አለኝ። ሲመቻቸው ወደ እኛ ሕንፃ ይምጡ። ሎቢው ያምራል፤ እሱን በራሳቸው ጊዜ ያዩታል። እኔ ታች ይዣቸው እወርዳለሁ። ፓምፑን፣ ያቺን ትንሽ ሳጥን፣ የጄኔሬተሩን ባትሪ አሳያቸዋለሁ። አባባም በፔርሙስ ሻይ ይዘው ይመጣሉ። ማክሰኞ ወይም ዓርብ ይሁን ብቻ፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ። ጃኬት ይያዙ፣ ምድር ቤት ይበርዳል።